የታጠበ ማውስ ፓድ ለምን ይጣበቃል? ጠርዙስ ለምን ይነሳል?

ጽሕፈት_ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ማውስ ፓዶች ሁሉም ከላይ ጨርቅ ከታች ጎማ የሆኑት ናቸው። ትንንሾቹ 25 በ30 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ዲዛይን የሚሠራበት ላይ ያለው ኪቦርዱንም የሚይዘው 80 በ30 ነው። መሃላቸው ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ ማውሱ እዚያ ጋ ሲደርስ ይይዘዋል፣ ዳር ዳሩ ላይ ግን እንደ ልብ ይሄዳል። በኮረል፣ በዲዛይን መሥሪያው ፕሮግራም፣ መስመር ሲሳብ በደንብ ይታወቃል። ከትንንሾቹ ደግሞ በልብስ ዱቄት ሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ የተሰጡት ደርቀውም እጅ ላይ ይጣበቃሉ፤ የአንዱማ ጠርዝ ተነስቶ ጨርቁ ከጎማው መላቀቅ ጀምሯል። ትልቁ ላይ ማኪያቶ ፈስሶበታል። በምንና እንዴት ነው የሚታጠቡት? ወይስ አዲስ መግዛት ይሻላል?

ጥገና_ክፍል፦
ከማጠብህ በፊት ቆሽሾ ይሁን አልቆ ለይ። ነጭ ሶፍት አርጥበህ አንድ ጠብታ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበትና የጠቆረውን ቦታ ጫን እያልክ እሸው። ሶፍቱ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ከተነሳ፣ ያ የእጅ ወዝና ላብ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ነው፤ ታጥቦ ይለቃል። ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ ጨርቁ አሁንም ካብለጨለጨ ክሩ ተልጦ ተኝቷል ማለት ነው፤ የትኛውም ሳሙና አይመልሰውም። ያኔ ፓዱን አዙረህ ብዙ ያልተነካውን ጎን ወደ እጅ አምጣው። ትልቁ ላይ ይህ በተለይ ይሠራል፣ ኪቦርድ ሥር የነበረው ክፍል ገና አዲስ ነውና።

አጠባጠቡ ላይ፣ መጀመሪያ በደረቁ አራግፈው። አቧራው ሳይራገፍ ውኃ ከነካው ጭቃ ሆኖ ሽመናው ውስጥ ይገባል። ሰፊ ሳፋ ውስጥ 2 ሊትር ለብ ያለ ውኃ አድርግ፤ 30 ዲግሪ ገደማ፣ እጅህን ስታስገባ የማያቃጥልህም የማያንዘፈዝፍህም። ለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው፤ ላርጎም ይሁን ሌላ የዕቃ ሳሙና፣ ወዝ የሚፈታው እሱ ነው። ለትልቁ መጠኑን እጥፍ አድርገው። 10 ደቂቃ ዘፍዝፈህ አውጣና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተህ በስፖንጁ ለስላሳ ጎን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እሸው። የተሰፋ ጠርዝ ካለው ስፌቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። የብረት ድስት ማሻሻ አይነካውም፤ ጨርቁ ጸጉር ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ማውሱ ሁሌም ይጎረብጠዋል።

ሰው የሚቸኩለው ማለቅለቁ ላይ ነው። የአንተዎቹ የሚጣበቁትም በዚሁ ይመስለኛል፤ ዱቄት ሳሙና በለብታ ውኃ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ ሽመናው ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ የእጅ ላብ ሲነካው መልሶ ይርሳል። እነዚያን እንደገና ዘፍዝፋቸው፣ አሁን ግን ያለ ምንም ሳሙና፤ ውኃውን ሦስት አራት ጊዜ ቀይር። በመዳፍህ ስትጫነው ነጭ አረፋ ከጨርቁ እስከወጣ ድረስ አልጨረስክም።

አትጭመቀው፣ አትጠምዝዘው። ጎማው አንዴ ከታጠፈ መስመሩ አይለቅም፣ ማውሱም እዚያ ላይ ይዘላል። ደረቅ ፎጣ ላይ በጨርቁ በኩል ደፍተህ ጀርባውን በመዳፍህ ጫን ጫን አድርገው፤ ፎጣው ውኃውን ይጠጣልሃል። ከዚያ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ጨርቁንና ጎማውን የያዘው ማጣበቂያ ነው፤ የፈላ ውኃ፣ ፀጉር ማድረቂያና የቀትር ፀሐይ ያላሉታል። ፀሐይማ ጎማውንም ያደርቀዋል፣ ቆይቶ ይሰነጣጠቃል። ያንተው ጠርዝ የተነሳው በሌላ ምክንያት አይመስለኝም።

ሰገነት፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ማድረቁ ላይ ብቻ ልጨምር። በበጋ 24 ሰዓት ይበቃዋል፣ በክረምት ግን ሁለት ቀን ስጠው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማስቀመጥ አያደርቀውም፤ ከሥሩ አየር ስለማይገባ ጎማው እንደላበ ይቆያል። እንደ ልብስ ማስጫ ብረት ያለ ከሥሩ ክፍት የሆነ ነገር ላይ በጠፍጣፋው አስተኛውና ግማሽ ቀን ሲሆነው ገልብጠው። ገመድ ላይ አጥፎ ማንጠልጠል ግን የለም። በመጨረሻ የሚደርቀው የጠርዙ ስፌት ነው፤ ደረቅ ሶፍት እዚያ ላይ አድርገህ አንድ ደቂቃ ተጫነው፣ ከራሰ አልደረቀም። እርጥበት ይዞ ጠረጴዛ ላይ ከተመለሰ ይሻግታል፣ ሽታው ደግሞ መዳፍ ላይ ይቀራል።

ጽሕፈት_ቤት፦
በጣም አመሰግናለሁ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከትቶ መገላገልስ አይቻልም? ብዙ ሲሆኑ በእጅ ይሰለቻል።

ሰገነት፦
ቀጭኑን፣ ጠርዙ የተሰፋውን፣ ትራስ ልብስ ውስጥ አድርገው በቀዝቃዛና በለዘብተኛ ዙር፣ መጭመቂያውን አጥፍተው የሚያጥቡ አሉ። ይቻላል።

ጥገና_ክፍል፦
እኔ አልመክርም። ማሽኑ መጭመቂያው ቢጠፋም ሲሽከረከር ያጣጥፈዋል፤ ጠርዙ ካልተሰፋ ደግሞ ከማዕዘኑ ነው የሚላቀቀው። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውንማ አታስበው። ብዙ ከሆኑ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ደርድረህ በአንድ ጊዜ እሻቸው፣ ያው ነው። በረኪናም እንዳትሞክር፤ ቀለሙን ይበላል፣ ጎማውንም ይጎዳል።

ባሬስታ_ዲዛይን፦
ስለ ማኪያቶው። ጥቁር ቡና ቢሆን ቀላል ነበር፤ ማኪያቶ ወተትና ስኳር አለው። ስኳሩ ያጣብቃል፣ ወተቱ ይሸታል። ገና እርጥብ ከሆነ አትሸው፤ ሶፍት ወይም ፎጣ ከዳር ወደ መሃል እየተጫንክ አስመጥጠው፤ ከመሃል ከጀመርክ እድፉን እያሰፋኸው ነው። ከዚያ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ። በሙቅ ከጀመርክ የወተቱ ፕሮቲን ክሩ ላይ ረግቶ ይቀራል። ስኳሩ በቀዝቃዛውም ይሟሟል፣ ብቻ ደጋግመህ አፍስስበት። ቀጥሎ የፈሳሽ ሳሙናው አሠራር ከላይ እንደተጻፈው።

ከደረቀ የቆየ ከሆነና ሽታው አልለቅ ካለ፣ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ከአራት እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለህ እድፉ ላይ 10 ደቂቃ አቆየውና አለቅልቀው። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መብራት ያለው ፓድ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። ዩኤስቢውን ንቀልና በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ላዩን ብቻ ጥረግ፤ ገመዱ የሚገባባት ትንሿ ሳጥን ውኃ እንዳይነካት። የእጅ መደገፊያ ጄል ያለውም አይዘፈዘፍም።

ቴፍሎን፦
ማንም ማውሱን አላነሳውም። ፓዱን አጥባችሁ የቆሸሸ ማውስ ብትመልሱበት ወዲያው ያው ነው። ገልብጣችሁ እዩት፤ ከሥሩ ያሉት ለስላሳ እግሮች ዙሪያ ጥቁር ነገር ቀለበት ሠርቶ ታገኛላችሁ። ከፓዱ የተላቀቀው ወዝና አቧራ ነው፣ እየደረቀ ይጠነክራል፣ ንጹሑን ጨርቅ መልሶ የሚቀባውም እሱ ነው።

ማውሱን ንቀሉ፤ ገመድ አልባ ከሆነ አጥፉት። ቀለበቱን በእንጨት ስቴኪኒ ዳር ዳሩን ቀስ አድርጋችሁ ፈልቅቁት። ምላጭ ወይም መርፌ እግሩን ይቧጭረዋል። ከዚያ ጥጥ በ70 ፐርሰንት አልኮል ነክራችሁ ጥረጉት። የሴንሰሩን ቀዳዳ በደረቅ የጆሮ ጥጥ ብቻ፤ አንዲት ጸጉር እዚያ ከገባች ከርሰሩ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ግን ማውሱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። እግሮቹ አልቀው ፕላስቲኩ ራሱ ፓዱን እየፋቀ ከሆነ ግን ማጠብ ትርጉም የለውም፤ ጨርቁን የሚልጠው ያ ነው።

ጽሕፈት_ቤት፦
ሶፍቱን ሞከርኩት፣ ቡናማ ሆኖ ነው የወጣው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ በየቀኑ በሳኒታይዘር ብንጠርገውስ? የተላቀቀው ጠርዝስ ይጠገናል?

ቴፍሎን፦
ሳኒታይዘር ይቅርባችሁ። ጄሉ አልኮሉ ሲተን ማወፈሪያውን ጨርቁ ላይ ይተወዋል፣ መልሶ ያጣብቃል። በሳምንት አንዴ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል፤ ብዙ ሰው የሚፈራረቅበት ከሆነ ሙሉ እጥበት በወር፣ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በሁለት ሦስት ወር። ከምሳ መልስ እጅን በሶፍት ብቻ ጠርጎ ማውስ መያዝ ከቀረ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። የወጥ ዘይት ከሶፍት ያመልጣል።

ጥገና_ክፍል፦
ጠርዙ ይጠገናል፣ የተላቀቀው ከሁለት ጣት ስፋት ካልበለጠ። ሱፐር ግሉ አትጠቀም፤ ሲደርቅ እንደ መስተዋት ይጠነክራል፣ እጅ ላይ ይቆረቁራል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው የሚሆነው፣ ደርቆም ይለመጣል። ፓዱ ፍጹም ይድረቅ፤ ጎማውንም የጨርቁንም ውስጥ በአልኮል ጥረግ። ማስቲሹን በሁለቱም ላይ በስሱ ቀብተህ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ በጣት ስትነካው የማይከተል ሲሆን አገናኝና ጫነው። ብዙ ከቀባህ በጨርቁ ቀዳዳ ወደ ላይ ወጥቶ የማይለቅ ነጥብ ይሆናል። በላዩ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ከባድ መጽሐፍ አድርገህ አሳድረው። ዙሪያውን በሙሉ ከተላቀቀ ግን ለጫማ ሰፊ ሰጥተህ ማሰፋት ነው፣ ስፌቱ ላይ ማውሱ እንዳይነካ አንድ ሳንቲ ሜትር ዳር ይበቃል። ጀርባው ተፈርፍሮ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዱቄት የሚተወውን ግን አትልፋበት፤ ጎማው ሞቷል፣ እሱን ቀይረው።