2025 በጎልፍ የማን ዓመት ነበር፣ የሮሪ ወይስ የሼፍለር?

አዲስ ተመልካች፦
ሰላም ጓዶች፣ ጎልፍ በደንብ መከታተል የጀመርኩት በ2025 ነው፣ ያውም ከዓመቱ አራት ትልልቅ የወንዶች ውድድሮች አንዱ በሆነው በማስተርሱ የመጨረሻ ቀን እሁድ። ሮሪ ማክኢልሮይ ያቺን የመጨረሻ ፑት (ወደ ቀዳዳው ምትንከባለል ምት) ከትቶ ተንበርክኮ ፊቱን ሣሩ ላይ ደፍቶ ሲያለቅስ አየሁና በቃ በዛው ቀረሁ። ከዛ በኋላ ግን ሳየው ሳየው ሚያሸንፈው ስኮቲ ሼፍለር ነው፣ የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካው ዋና የወንዶች ውድድር ዙር) የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለውም እሱ ነው፣ ሰው ግን ስለ 2025 ሲያወራ ሮሪ ሮሪ ነው ሚለው። አንድ እሁድ ከስድስት ዋንጫ ይበልጣል እንዴ? ከድሮ ጀምሮ ምታዩ ሰዎች አስረዱኝ፣ ያመለጠኝ ጥሩ ጨዋታ ካለም ጠቁሙኝ።

ባለ ሰባት አይረን፦
እንኳን ደህና መጣህ። ያ እሁድ ለምን እንደዛ እንደከበደ ሚገባህ ትንሽ ወደ ኋላ ስትመለስ ነው። ሮሪ በ2014 አራተኛ ሜጀሩን (ከነዛ ትልልቅ ውድድሮች) ሲወስድ ገና 25 ዓመቱ ነበር፣ ያኔ ይሄ ልጅ ገና ስንቱን ይሰበስባል ብለን ነበር፣ ከዛ በኋላ ወደ 11 ዓመት ገደማ አንድም የለም። ከአራቱ ውድድሮች ያላሸነፋት ማስተርስ ብቻ ነበረች። አራቱንም ሜጀር የሰበሰቡት ደግሞ እስከዛ ቀን 5 ሰዎች ናቸው፣ ሳራዘን፣ ሆጋን፣ ጋሪ ፕሌየር፣ ኒክላውስ እና ታይገር። እዛው ማስተርስ ሚካሄድበት ኦገስታ በ2011 በ4 ምት እየመራ ወደ መጨረሻው ቀን ገብቶ 80 መትቶ የወጣ ሰው ነው፣ በ2024 ዩኤስ ኦፕን (ሌላ ሜጀር) ደግሞ የመጨረሻው ሆል (ቀዳዳ) ላይ ከአንድ ሜትር ብዙም ማትርቅ ፑት ስቶ ዋንጫውን ለዲሻምቦ አስረክቧል። ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው የመጣው።

ቀኑ ራሱ ደግሞ ልብ ሚያቆም ነበር። በ2 እየመራ ጀመረ፣ አንደኛው ሆል ላይ ደብል ቦጊ (ለሆሉ ከተመደበው ምት 2 በላይ)፣ መሪነቱ በአንድ ሆል ጠፋ። ተመልሶ 10ኛው ላይ በ4 መራ፣ አሁንስ አለቀ ስንል 13ኛው ላይ ከ100 ሜትር በታች በዌጅ (የአጭር ርቀት ክለብ)፣ በግራ በኩል ያ ሁሉ ሰፊ ግሪን (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) እያለለት፣ ኳሷን ወደ ቀኝ ለቀቃትና ወንዟ ውስጥ ገባች። እኔ ያኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ፣ ማየት ሁሉ አልቻልኩም። ከዛ 15ኛው ላይ ዛፉን ከቀኝ ወደ ግራ አዙሮ የመታት ሰባት አይረን (በ7 ቁጥር ብረት ክለብ የተመታች) አለች፣ እሷን ደጋግመህ እያት፣ በህይወቴ ካየኋቸው ምቶች ሁሉ እሷን ነው ምመርጠው። 18ኛው ላይ ለፓር (ለሆሉ ለተመደበው ምት ልክ) የነበረችውን አጭር ፑት እንደገና ሳተ፣ ጀስቲን ሮዝ 66 መትቶ ከፓር በታች 11 ላይ እየጠበቀው ነበርና ወደ ፕለይኦፍ (መለያ ጨዋታ) ሄዱ፣ እዛው 18ኛው ላይ ተመልሶ ቀዳዳው አጠገብ አስቀመጣትና በርዲ (ከፓር 1 ያነሰ)። ስለዚህ ለኔ አንድ እሁድ አይደለም፣ የ11 ዓመት እሁድ ነው።

ፌርዌይ፦
ከላይ ያለው ጓዳችን ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን ጥያቄው የማን ዓመት ነበር እኮ ነው፣ ዓመት ደግሞ ከጥር እስከ ታህሳስ ነው ወንድሜ። ሼፍለር ዓመቱን የጀመረው እጁን ታክሞ ነው፣ በገና ሰሞን ምግብ ሲሰራ የተሰበረ ብርጭቆ መዳፉን ቆርጦት ኦፕራሲዮን አድርጎ። ግንቦት ላይ ባይረን ኔልሰን ሚባለው ውድድር ላይ በ4 ቀን ከፓር በታች 31፣ ሁለተኛውን በ8 ምት በልጦ። ከዛ ፒጂኤ ቻምፒዮንሺፕን (ሜጀር) በ5 ምት አሸነፈ፣ ሜሞሪያልን በ4፣ ኦፕኑን (ሌላ ሜጀር) ሰሜን አየርላንድ ፖርትረሽ ላይ በ4። ነሐሴ ላይ ቢኤምደብሊው ውድድር ላይ ደግሞ 17ኛው ላይ ከግሪን ውጪ ሆኖ ከ20 ሜትር በላይ ቺፕ (አጭር ከፍ ያለች ምት) አድርጎ ቀጥታ ከተታት።

ሰው የማይወደው ድራማ ስለሌለው ነው መሰለኝ፣ እኔ ግን እሱን ሳይ ነው ጎልፍ ሚገባኝ። ፖርትረሽ እሁድ 8ኛው ላይ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያዋ ምት አልወጣችለትም፣ ደብል ቦጊ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እዛ ጋ ይፈርሳል፣ እሱ ቀጣዩ ሆል ላይ በርዲ አድርጎ ምንም እንዳልተፈጠረ ሄደ። በዛው ሳምንት ጋዜጠኞች ፊት ማሸነፍ የልቡን ጥልቅ ቦታ እንደማይሞላለት በግልፅ ሲናገር ሰምታችኋል? እንደዛ ብሎ ደግሞ በዛው ሳምንት ወጥቶ ሁሉንም ያሸንፋል። እኔ ዓመቱ የሱ ነው።

ዝናብና ፑት፦
ሁለታችሁም ስለነሱ አወራችሁ፣ ያመለጠውንም ጠይቋል እኮ። ዩኤስ ኦፕን ኦክሞንት ላይ ጄጄ ስፖን የሰራውን እይ። በመጀመሪያዎቹ 6 ሆሎች 5 ቦጊ (ከፓር 1 በላይ)፣ አንዷ ኳሱ እንደውም የባንዲራውን እንጨት መትታ ወደ ኋላ ተመለሰችበት፣ ከዛ ዝናብ ጨዋታውን አቆመው፣ ሰውየው ልብሱን ቀይሮ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። 17ኛው ፓር 4 ላይ በድራይቨር (ረጅሙ ክለብ) በአንድ ምት ግሪን ላይ አረፈ። 18ኛው ላይ ሁለት ፑት ይበቃው ነበር፣ እሱ ግን ወደ 20 ሜትር ሚጠጋ ፑት በአንዴ ከተታት። ካሜራው ኳሷን ሲከተል ሣሩ ላይ ውሃ እየረጨች ስትሄድ ታያታለህ። ከፓር በታች የጨረሰው እሱ ብቻ ነው፣ ያውም በ1። በመጋቢት ፕለየርስ ሚባለው ውድድር ላይ በፕለይኦፍ በሮሪ ተሸንፎ 17ኛው ላይ ኳሱ ውሃ የገባችበት ሰው እሱ ነው።

የሴቶቹን ደግሞ አትለፈው በጣም እለምንሃለሁ። አምስት ሜጀር፣ አምስት የተለያዩ አሸናፊዎች። ከነሱ አንዱ ኤቪያን ላይ ግሬስ ኪም በ2 እየተመራች የመጨረሻው ሆል ላይ ኢግል (ከፓር 2 ያነሰ) አድርጋ ከጂኖ ቲቲኩል ጋር እኩል ሆነች። ፕለይኦፉ ላይ ኳሷ ውሃ ገባች፣ ቅጣቱን ወሰደች፣ ኳሷን ጣለችና ቺፕ አድርጋ ከተተቻት፣ በርዲ። ጂኖም በርዲ አደረገች። ተመልሰው እዛው ሆል ላይ ግሬስ ኢግል አድርጋ አሸነፈች። አንዱን ሆል በአንድ ከሰአት ሶስቴ ተጫውታ ኢግል፣ በርዲ፣ ኢግል። ጂኖ ግን እስካሁን ታሳዝነኛለች።

ቀስ በቀስ፦
ቶሚ ፍሊትውድን ጨምሩልኝ። ፒጂኤ ቱር ላይ ከ160 ውድድር በላይ ተጫውቶ አንድም ድል አልነበረውም፣ በሰኔ ትራቨለርስ ሚባለው ውድድር ላይ የመጨረሻው ሆል ላይ ሦስት ፑት አድርጎ አጣት፣ ነሐሴ ላይ ሜምፊስ በተደረገው ውድድር እንደገና መጨረሻ ላይ አመለጠችው። ከዛ የመጀመሪያው ድሉ የመጣው ቱር ቻምፒዮንሺፕ ላይ ሆነ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ጋር። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ሲዘምርለት አገሩ እንኳን አልነበረም፣ አትላንታ ነው።

አዲስ ተመልካች፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ትናንት ማታ የኤቪያኑን የመጨረሻ ሆሎች ፈልጌ አየሁት፣ ኳሷ ውሃ ስትገባ ውጤቱን እያወቅኩ ሁሉ ደነገጥኩ። በሮሪና በሼፍለር ግን አሁንም አልወሰንኩም፣ የ15ኛውን ሰባት አይረን ዛሬ አያታለሁ። ባለ ሰባት አይረን፣ እንደዛ ወደ ግራ ምታጥፈው ክለቡን ነው ሚያዞረው ወይስ አቋቋሙን?

ባለ ሰባት አይረን፦
ሁለቱንም። እግሩን ወደ ቀኝ አድርጎ ይቆማል፣ የክለቡ ፊት ደግሞ ከዛ ትንሽ ወደ ግራ ተዘግቶ ኳሷን ያገኛታል። ከጀርባው በተቀረፀው እያት፣ ከዛፉ ቀኝ ነው ምትነሳው።