ተሳቢ መኪና ሲታጠፍ በሳይክል የት ልሁን? (ኮምቦልቻ)

ዳቦ አመላላሹ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤት ወደ ሱቆች ዳቦ በሳይክል አደርሳለሁ። ከኋላ ሁለት ሳጥን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሬ አስራለሁ። ሳጥኑ ሲሞላ ፍሬን ብይዝም ጭነቱ ወደፊት ይገፋኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መስቀለኛው ላይ ትራፊኳ መኪኖቹን አቁማለች። እኔ እንደ ልማዴ በቀኝ ጠርዝ ሾልኬ ፊት ድረስ ሄድኩ። ከጎኔ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ቆሟል። ስትለቀን ሁላችንም ተነሳን። እኔ ቀጥታ ነኝ፣ እሱ ግን ወደ ባቲ ታጠፈ። ጋቢናው አለፈኝ። ተረፍኩ ስል ተሳቢው መጣ። ወላሂ ግድግዳ እየተጠጋኝ ነው የመሰለኝ። ሳይክሉን ጥዬ ቦዩ ውስጥ ዘለልኩ።

የኋላ ቸርኬዬ ተጣመመ። 140 ዳቦ አስፋልት ላይ ተበተነ። የባጃጅ ልጆች ለቀሙልኝ። ጥቂቱን በሉት፣ ይሁን፣ ሐላል ነው።

ሾፌሩ ምንም ሳያውቅ ሄደ። ትራፊኳ ደግሞ «አንተስ እዚያ ምን ልታደርግ ገባህ?» ብላ ቆጣችኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጠርዝ ይዘህ ሂድ» ተብዬ ነው ያደግኩት። መሃል ስገባ ክላክስ ነው፣ ስድብ ነው። ወደ ግራ መታጠፍማ ትቼዋለሁ፣ ወርጄ እየገፋሁ ነው የምሻገረው። እናንተ እንዴት ነው የምታልፉት?

የሚሌ መንገድ

እንኳን አላህ አተረፈህ ወንድሜ። ያ ሾፌር እኔ አይደለሁም። ግን እኔም ልሆን እችል ነበር። በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ሚሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጭነት ስንጠብቅ ረዳቴን «እስቲ ሳይክል የያዘ ሰው ያህል ጎንበስ ብለህ መኪናውን ዙር» አልኩት። እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ በስፖኪዮ እከታተለዋለሁ። ቀኝ በሩ ሥር ሲደርስ ጠፋ። እየሳቀ ያወራኛል፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ ልጁ ግን የለም። ከፊት መከላከያው ላይ ተጠግቶ ሲቆም ኮፍያው እንኳ አልታየኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ መስቀለኛ ላይ ስቆም ልቤ አይረጋም።

አንተ የገባህበት ቦታ ያ ነው። መታጠፍ ስጀምር ደግሞ ይብሳል። ጋቢናው ሲዞር የቀኝ ስፖኪዮዬ የሚያሳየኝ የራሴን ጭነት ጎን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ቀኝ ልታጠፍ ስል መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ እከፍታለሁ። አለበለዚያ ተሳቢው ጠርዙ ላይ ይወጣል። የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ነው የሚመጣው። ሳይክለኛው ግን ቦታ የለቀቅኩለት ይመስለውና ይገባል። ቦታ አይደለም አቦ! ፍሬቻ አይቼ እወስናለሁ ካልክ ደግሞ የተሳቢው ፍሬቻ ስንቴ በጭቃ ተሸፍኖ አይተሃል? የፊት ጎማውን እይ። ጎማ አይዋሽም።

ስለዚህ ከኋላዬ ቁም። ጭስ ትጠጣለህ፣ አውቃለሁ። ፊት መሆን ካለብህም ራቅ ብለህ፣ አራት አምስት ሜትር ቀድመህ፣ ዞር ብለህ ፊቴን እስክታየው ሂድ። ፊቴ ካልታየህ እኔም አላየሁህም።

ሳይክል ጠጋኝ፣ ቧንቧ ውሃ

ልጄ፣ ደሴ ውስጥ ሳይክል ስጠግን ፀጉሬ ሸበተ። ሾፌሩ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ጠርዙን በተመለከተ ነው።

ጠርዝ መያዝ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጥሩ ነው። መስቀለኛ ላይ ግን ወጥመድ ነው። ጠርዝ ስትይዝ ከኋላ ያለው ባጃጅ ለሁለታችን ይበቃል ብሎ ይገባል። ከዚያ ፊትህ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ መስቀለኛው ሃያ ሠላሳ ሜትር ሲቀረው ወደ ኋላ እይ፣ እጅህን ዘርጋ፣ ቀስ ብለህ ወደ መስመርህ መሃል ግባ። ክላክስ ያደርጉብሃል። ያድርጉ! ክላክስ ያደረገብህ ሰው አይቶሃል ማለት ነው።

ወደ ግራ ለመታጠፍ መውረድህ አያሳፍርም። ሳትወርድም ይቻላል። መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ተሻገር። ማዶ ጥጉ ላይ ቁም። ሳይክሉን ወደምትሄድበት አዙር። ትራፊኩ ያን መስመር ሲለቅ አብረህ ተሻገር። ሁለቴ ቀጥታ ሄድክ እንጂ አልታጠፍክም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ይበላል። አንተ ከነጭነትህ በአንዴ ወደ ግራ መንገዱን ለመቁረጥ ሦስት ሰከንድ ከፈጀህ እሱ 25 ሜትር መጥቷል። በዓይን ሲያዩት ሩቅ ነበር።

ሚኒባስ ሲቆም በእሱና በጠርዙ መካከል እንዳትገባ። በሩ በቀኝ ነው። ተሳፋሪ ወርዶ እግሩን የሚያሳርፈው አንተ ላይ ነው። አንዴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ዶሮ ከያዙ እናት ጋር ተላትሜያለሁ። ዶሮዋን እስካሁን አልረሳኋትም።

ፍሬንህንም ፈትሽ። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን በዝናብ ቶሎ አይዝም። በክረምት ቀደም ብለህ ትንሽ ትንሽ ያዝ፣ የፍሬኑ ጎማ ውሃውን ይጥረግ። በዚህ ላይ ሁለት ሳጥን ዳቦ ጭነሃል።

ጥቁር ቀሚስ

ጋሼ፣ መሃል መግባቱን ለእኔ አይንገሩኝ። ሞክሬዋለሁ። ሴት መሃል ስትገባ ክላክሱ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ አስተያየቱም አለ። ዞሬ ልመልስ ስል ደግሞ ሚዛኔን እስታለሁ። እኔ ሰው ሲበዛ ወርጄ ከእግረኛ ጋር እሻገራለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ቀሚስ ወይም ነጠላ ለምታደርጉ ግን አንድ ነገር ልበል። መስቀለኛው መሃል ላይ ጨርቅ ካቴና ውስጥ ከገባ አለቀ። እግር ይታሰራል፣ መውረድም መሄድም የለም። እኔ በቀኝ በኩል በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ይሳቅብኛል፣ ግን ይሠራል።

ሳይክል ጠጋኝ፣ ቧንቧ ውሃ

ልክ ነሽ ልጄ። ይህን እኔ አላሰብኩትም። መውረድም ማለፍ ነው።

ዳቦ አመላላሹ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጓደኛዬ ሳይክል ትናንት ሞከርኩት። እዚያው መስቀለኛ፣ እንደዚያው ተሳቢ ያለው መኪና። በቀኝ ሰፊ ክፍተት አለ፣ እግሬ እንደ ልማዱ ሊሾልክ ፔዳሉን ረገጠ። ያዝኩት። ከኋላ ቆምኩ። ከእኔ ኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አላቋረጠም፤ ጋሼ ያሉት ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ።

መኪናው ትንሽ ወደ ግራ ከፈተ። ፍሬቻ የለውም። የፊት ጎማው ግን ወደ ቀኝ ዞረ። ተሳቢው ባለፈው ማክሰኞ የቆምኩባትን ቦታ ጠርጎ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከቦዩ ጠርዝ አንድ ክንድ አልቀረውም።

መጀመሪያ ሱቅ የደረስኩት አራት ደቂቃ ዘግይቼ ነው። ባለሱቋ ልብም አላለችው።

ጋሼ፣ ቸርኬዬን ደሴ ድረስ ላምጣው? በስንት ያቃኑልኛል?

ሳይክል ጠጋኝ፣ ቧንቧ ውሃ

አምጣው። ሳላየው ዋጋ አልናገርም። ቸርኬውን ብቻ ፈትተህ በሚኒባስ ና። የጓደኛህን ሳይክል ይዘህ የሀረጎን ዳገት ልውጣ እንዳትል፣ የጭነት መኪና ጅራት ይዘህማ ጨርሶ። አንድ ሁለት ዳቦ ብትጨምርበት ደግሞ ሻይ እኔ ጋ አለ።