ስፖንጁ ከቀዳዳው አልወጣ አለኝ፤ ኩባያውን ይዞ ነው የሚነሳው! ነገ ውድድር አለ

ሰባተኛው
ሰላም ለሁላችሁ። አጣዳፊ ነው። ነገ በማለዳ የጎልፍ ክለባችን ውድድር ይጀመራል፤ እኔም «ስፖንጆቹን አውጣልን» ተብዬ ወጣሁ። ስድስቱ ያለ ችግር ወጡ። ሰባተኛው ግሪን (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ላይ የባንዲራውን ዘንግ ይዤ ወደ ላይ ስስበው ስፖንጁ ቀዳዳው ውስጥ የተቀበረውን ኩባያ፣ ኩባያው ደግሞ የሣሩን ጠርዝ ይዞ ተነሳ። አሁን እዚያ ያለው ቀዳዳ ሳይሆን ጥርስ የተነቀለበት ድድ ነው። 11 ይቀሩኛል። ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ነካ ነካ አድርጌ አየሁ፤ እነሱም ከነኩባያቸው ይወዛወዛሉ። ምን ላድርግ? ሊመሽ ነው።

ጀማሪዋ
ይቅርታ፣ የምን ስፖንጅ? እኔ ጎልፍ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ቀዳዳ ውስጥ ስፖንጅ ምን ይሠራል?

ሰባተኛው
የኮሮናው ስፖንጅ ነዋ!

ሕግ ይከበር
እህቴ፣ ልጁ ተጨንቋል፤ እኔ ላስረዳሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። በማግስቱ ትልቁ የፕሌየርስ ሻምፒዮንሺፕ ገና አንድ ዙር እንደተጫወተ ተሰረዘ። ብዙ አገር ሜዳዎች ተዘጉ። ሲከፈቱ አንድ ሐሳብ ይዘው ነው የተከፈቱት፦ የሁለት ሰው እጅ አንድ ዕቃ እንዳይነካ። ባንዲራ አይነካም። ከባንከሮቹ፣ ከአሸዋ ጉድጓዶቹ ማለት ነው፣ የአሸዋ ማስተካከያው ሬክ ተለቀመ። የኳስ ማጠቢያው በላስቲክ ተሸፈነ፣ የመጠጥ ውሃው ተነሳ። ካርት (የሜዳው ትንሽ መኪና) ላይ አንድ ሰው ብቻ። ጫማ መኪና ጋ ቆመሽ ትቀይሪያለሽ፤ የልብስ መቀየሪያው ተዘግቷላ።

የቀረው ቀዳዳው ነበር። ኳስ ስታወጪ እጅሽ ውስጥ መግባቱ የት ይቀራል? አንዳንዱ ክለብ ኩባያውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ተከለው፤ ኳሷ ከነካችው «ገባች» ተባለ። ሌላው የመዋኛ ስፖንጅ፣ ያን ረጅሙንና መሐሉ ክፍት የሆነውን፣ ቆርጦ በባንዲራው ዘንግ ላይ አጠለቀው። ኳሷ ግማሽ ትገባና ትቆማለች፤ በሁለት ጣት ታነሻታለሽ።

ደግነቱ ሕጉ ቀድሞ ተመቻችቶ ነበር። ከ2019 በፊት ግሪን ላይ ሆነሽ የመታሻት ኳስ ቀዳዳው ውስጥ የቆመውን ባንዲራ ከነካች፣ ምት በሚቆጠርበት ውድድር 2 ምት ቅጣት ነበረው። ከ2019 ወዲህ ግን በሕግ 13.2 መሠረት ባንዲራውን ሳያወጡ መምታት ይቻላል። ያኔ የተቀየረው ጨዋታው እንዲፈጥን ነበር። ወረርሽኝ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም።

ሦስት ፑት
ስፖንጁን አትንኩብኝ! እኔ በሕይወቴ ሃንዲካፔ (የችሎታ ቁጥሬ፤ ሲወርድ ነው ጥሩ) የወረደው ያኔ ብቻ ነው። ኳሴ ከአንድ ክንድ ርቀት እየበረረች ትሄድና ስፖንጁን ገጭታ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለች። እኔ ኮፍያዬን አነሳለሁ። «ገባች!»

ሣር ቆራጩ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሳብህን አቁም። ሁለት ነገር ንገረኝ። ኩባያው ብረት ነው ፕላስቲክ? ቀዳዳ መቁረጫ አላችሁ? ሦስተኛም ልጨምር፦ የሜዳው ሠራተኛ አንተ ነህ?

ሰባተኛው
ፕላስቲክ። መቁረጫው መጋዘን ውስጥ አለ፣ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም። ሠራተኛ አይደለሁም፣ አባል ነኝ። የሜዳው ኃላፊ ፈቃድ ላይ ነው፣ ስልኩም አይነሳም። አዎ፣ ትናንት ሌሊት ዝናብ ነበር። ልነግራችሁ ረሳሁ።

ባለ ካርቱ
ዝናብ! በቃ፣ ታወቀ። ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው። እስኪደርቅ ጠብቅ።

ሣር ቆራጩ
ያ ስፖንጅ ውሃ አይጠጣም። ቢጠጣማ ዋና የሚማር ልጅ ይዞት ይሰምጥ ነበር። ያጣበቀው አሸዋ ነው። ግሪን ላይ በየጊዜው ቀጭን አሸዋ ይበተናል። ያ አሸዋ በስፖንጁና በኩባያው መሐል ይገባና ሽብልቅ ይሆናል፤ ከታች ደግሞ የዘንጉን እግር ኩባያው ውስጥ ካለው መሰኪያ ጋር ያጣብቃል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም አጥብቆ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ወደ ላይ ስትስብ ስፖንጁን ሳይሆን ጠቅላላ ኩባያውን ነው የምትስበው።

እንዲህ አድርግ። ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ጣውላ አንጥፍና እሱ ላይ ተንበርከክ፤ ጠርዙን በጉልበትህ እንዳትጨፈልቀው። ቀጭን ቢላ ውሰድ። ስፖንጁን ከላይ እስከ ታች፣ ዘንጉን ታክከህ ሰንጥቀው። ኩባያውን ሳይሆን ዘንጉን ታከክ፣ አደራ። ከዚያ የተሰነጠቀውን ከንፈር ወደ መሐል አጥፈህ ላጠው፣ እንደ ሙዝ። ስፖንጁ ከወጣ በኋላ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርግና ዘንጉን አዙረው። አትሳበው፣ አዙረው። ግራ፣ ቀኝ። የዘንጉ እግር ከመሰኪያው ሲላቀቅ እጅህ ላይ ይሰማሃል።

አየር መንገድ
ዘንጉን በሁለት እጅ ይዘህ በኃይል ወደ ላይ ሳበው። የኛ እንደዚያ ነው የወጣው።

ሰባተኛው
ያንንማ አድርጌ አይደል እዚህ የደረስኩት!

ለምን አይተውም
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን ይወጣል? ባንዲራ አለመንካት ተለምዷል። ዙሩ ፈጥኗል። ኳስ ለማንሳት ወገብ ማጉበጥ ቀንሷል። ነገ ስፖንጁ እንዳለ ተጫወቱ፤ ማን ይሞታል? ለነገሩ ያኔም ከንቱ ጭንቀት ነበር። ከባንዲራ እንጨት በሽታ የያዘው ሰው እስቲ አሳዩኝ።

ሕግ ይከበር
ባንዲራው ይቆይ ካልክ እስማማለሁ። ስፖንጁ ግን ሌላ ነው። የቀዳዳው ልክ የታወቀ ነው፦ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 101.6። ኳስ ገባች የሚባለው ከተመታች በኋላ ቀዳዳው ውስጥ ቆማ ሙሉ በሙሉ ከግሪኑ ወለል በታች ስትሆን ነው። ባንዲራ ተደግፋ ከቆመች ብቻ ከፊሏ ከወለል በታች ቢሆን ይበቃል። የኳስ ውፍረት ደግሞ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። እንግዲህ አስላው። ስፖንጁ ከወለል ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ከሆነ የተቀመጠው፣ በደንብ የተመታች ኳስ ገጭታ ትወጣለች። ከወጣች አልገባችም፣ አለቀ። ነገ በዚህ የሚጣሉ ሁለት ሰዎችን ማን ያስታርቃል?

በ2020 ግን ለየት ያለ ነበር። ኩባያው ከፍ ብሎም ቢሆን የተጫወትከውን ዙር ለሃንዲካፕ ማስመዝገብ ትችል ነበር፤ ኳሷ ባትገባም «በብዛት ይገባ የነበረው ውጤት» ተብሎ ይያዝልሃል። ያ ጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። የሦስት ፑት ሃንዲካፕም ከዚያው የተገኘ ይመስለኛል።

ሦስት ፑት
ጋሼ፣ ሰው ፊት?

እታለም
ስለ ከንቱነቱ አንድ ቃል። ሙያዬ ጤና ነው። ያኔ ቫይረሱ ዕቃ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከዚያም ምን ያህል እንደሚተላለፍ አይታወቅም ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በጥቅሉ በአንድ ንክኪ ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው ያለው በኤፕሪል 2021 ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ያኔ ባንዲራ አትንኩ ያለ ሰው ሞኝ አልነበረም። አሁን ስፖንጁን ያልነቀለ ግን ሰነፍ ነው። ሰባተኛው፣ አንተን አይደለም፤ አንተማ እየነቀልክ ነው።

ለምን አይተውም
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ካርት ላይ ብቻዬን መቀመጤን ግን ማንም አይነካብኝም።

ባለ ካርቱ
ውሃ ጠጥቶ ነው ያልኩት ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ። ግን ደረቅ ቢሆን ይቀል ነበር፤ እሱን አልለቅም።

ሰባተኛው
ስምንተኛው ወጣ!! ቢላዋው ሠራ። ሣር ቆራጩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘጠነኛው ላይ ኩባያውን ትንሽ ጫርኩት፣ ችግር አለው? የሰባተኛውስ ድድ ምን ይሁን?

ሣር ቆራጩ
ጭረቱ ችግር የለውም። ሰባተኛውን አትጠግነው። ቦታ ቀይር። መቁረጫ አለ አላልክም? ከግሪኑ ዳር ቢያንስ አራት እርምጃ ገባ በል። ዙሪያው ሁለት ሦስት ጫማ ያህል ሜዳ የሆነ፣ ተዳፋት ያልሆነ ቦታ ምረጥ። መቁረጫውን ቀጥ አድርገህ አቁመውና እያወዛወዝክ ሳይሆን እያዞርክ ወደ ታች ጫነው። የሚወጣውን የሣር ቡሽ እንዳትጥል። የድሮውን ቀዳዳ የምትደፍነው በሱ ነው። ከሥሩ አሸዋ እየጨመርክ ወይ እየቀነስክ ከወለሉ ጋር እኩል አድርገው፤ ከፍ ካለ ማጨጃው ነገ ይገሽልጠዋል፣ ዝቅ ካለ ኳስ ያዞራል። ከዚያ ውሃ አጠጣው።

ኩባያውን አዲሱ ቀዳዳ ውስጥ ስታስገባ አፉ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ኢንች ዝቅ ይበል። ይሄ የሕግ ነገር ነው፣ ለማማር አይደለም። ማስቀመጫ መሣሪያው ከሌለ አንድ ኢንች የሆነ እንጨት ቁረጥና ለካ።

አየር መንገድ
ቢላ ቢጠቀምስ? ስፖንጁን ሰንጥቆ ማውጣት ይቻላል።

ሦስት ፑት
አየር መንገድ፣ በረራህ ዘግይቷል።

ጀማሪዋ
ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ፣ ግን ስለ ባንከሩ ልጠይቅ። ሬክ በሌለበት ጊዜ ሰው የረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ኳሴ ብትገባ ምን አደርግ ነበር? እኛ ክለብ ሬኮቹ እስካሁን መጋዘን ናቸው። ሰው በእግሩ ነው የሚያስተካክለው።

ሕግ ይከበር
ጥሩ ጥያቄ። ኳስሽ ባንከር ውስጥ እያለች አሸዋውን ለመፈተን ብለሽ በእጅም በዱላም መንካት አይፈቀድም፤ ከኳሷ ፊትና ኋላ ያለውን ደግሞ በዱላ መንካት ክልክል ነው። መትተሽ ካወጣሻት በኋላ ግን እንደፈለግሽ አስተካክይ፤ በእግርም በዱላም ይሆናል። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ያደረገው እሱን ነው፤ ያደረገው ጨዋው ነው እንጂ። የሰው እግር አሻራ ውስጥ ለገባች ኳስ ማቃለያ የሚሆን የአካባቢ ሕግ ያወጡ ክለቦችም ነበሩ። እንደዚያ ያለ ሕግ ካልወጣ እንዳለች ትመቻለሽ። ሬኮቹን ግን አስወጡ። ያለ ሬክ የቀረ ባንከር ፍየል ያደረበት ነው የሚመስለው።

እታለም
ሬኩ ሲመለስ ከባንከሩ ውጭ፣ ኳስ የማይነካበት ቦታ አስቀምጡት። ያላለቀ ክርክር ነው፣ እኔ ግን ውጭ ነኝ።

ሰባተኛው
ሰባተኛው ተቀየረ! መቁረጫውን መጀመሪያ ጠማማ አድርጌ ከትቼው ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ቀና። የሣሩ ቡሽ ውስጥ ሥሩ እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ አሳዘነኝ። በጥርስ ብሩሽ ዳር ዳሩን አጸዳሁት። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ወጡ። አሁን አሥራ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ጨልሟል፣ በስልኬ መብራት ነው የምሠራው። 9 በመቶ ቀርቶታል። አንድ ነገር ብቻ፦ እዚህኛው ስፖንጅ ውስጥ ዘንጉ አይዞርም። ወዲህም ወዲያም አይልም።

ሣር ቆራጩ
ዘንጉ ዝጎ ይሆናል። አትታገለው። ስፖንጁን ብቻ ላጥና ባንዲራውን እንዳለ ተወው። ባንዲራው ቆሞ መጫወት በሕግ ይፈቀዳል፤ አውጥቼ ልምታ የሚል ሰው ካለ ግን ይቸገራል። ስለዚህ ለውድድሩ ኮሚቴ ዛሬውኑ ንገር። ጠዋት በብርሃን ኩባያውን ከነዘንጉ አውጥታችሁ በሌላ ቀይሩት። መጋዘን ውስጥ ትርፍ ኩባያ አይጠፋም።

ሕግ ይከበር
ልክ ነው። ኮሚቴው ሳይነገረው እንዳይቀር። አሥራ ሁለተኛውን ቀድሞ የሚደርስበት ቡድን ሳይመጣ መቀየር አለበት።

ሦስት ፑት
ስልክህን ለባንዲራ መብራት ከምታቃጥል ወደ ቤት ግባ፣ ወንድሜ። አይዞህ፤ ትልቁ የማስተርስ ውድድር ራሱ በ2020 ከኤፕሪል ወደ ኖቬምበር ተገፍቶ፣ ተመልካች ሳይኖር ተጫውቷል። ደስቲን ጆንሰን ያለ ጭብጨባ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) 20 በታች ገብቶ አሸነፈ። ያንተም አሥራ ሁለተኛ ቀዳዳ እስከ ጠዋት ይጠብቃል።

ጀማሪዋ
አራት ቀን ሆነው። ውድድሩ እንዴት ሆነ? አሥራ ሁለተኛውስ?

አየር መንገድ
እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል። የኛ ግን ስፖንጅ ሳይሆን የተገለበጠ ኩባያ ነው፣ አፉ ወደ ታች። ይሄ ደግሞ በምን ይወጣል?

ሣር ቆራጩ
በመሳብ አይደለም።