ቴሌግራም ይሠራል፣ ብሮውዘር ግን አንድም ገጽ አይከፍትም

ጀማሪው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ላፕቶፔ ግራ አጋብቶኛል። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል። ቴሌግራም ይልካል፣ ይቀበላል። ብሮውዘር ስከፍት ግን ያቺ ክብ ነገር ትዞር ትዞርና «ገጹ አልተገኘም» ብላ ቁጭ። በዚያው ዋይፋይ ስልኬ ሁሉንም ይከፍታል።

አንድ ጓደኛዬ «ዲኤንኤስ ነው» ብሎኝ ስልኩን ዘጋው። ምን እንደሆነ ላንብብ ብዬ ብገባ አይፒ፣ ጌትዌይ፣ ሰብኔት፣ ዲኤችሲፒ... ጭራሽ ተምታታብኝ። ላፕቶፑ አይፒዬ 192.168.1.7 ነው ይላል። በስልኬ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ብዬ ስፈልግ ሌላ ቁጥር ይመጣል። የቱ ነው የእኔ? ደግሞ 127.0.0.1ን ፒንግ ሳደርግ (ይመልስ እንደሆነ ልሞክር ብዬ መልእክት ስልክለት) ወዲያው ይመልሳል፤ ስለዚህ ኢንተርኔቱ ደህና ነው መሰለኝ።

ኬብል ጎታች፦
ጓደኛህ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ ስልኩን መዝጋቱ ነው ጥፋቱ።

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አይፒ ይባላል። ስም የእኛ የሰዎች ነገር ነው። የድረ ገጽ ስም ስትጽፍ ላፕቶፕህ መጀመሪያ ዲኤንኤስ ሰርቨሩን «የዚህ አይፒ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አያውቅም። ቴሌግራም ግን የሰርቨሮቹን ቁጥር አፑ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል። ለዚህ ነው የጠረጠርኩት።

አይፒዎቹ ሁለቱም ያንተ ናቸው። በ192.168 የሚጀምረው የቤት ውስጥ ነው፤ ያው ቁጥር ስፍር ቁጥር በሌለው ቤት አለ። ሌላው ራውተርህ ወደ ውጭ የሚታይበት ነው። ስልኩንም ላፕቶፑንም በዚያ በአንዱ ቁጥር ያወጣቸዋል። ዘዴው «ናት» ይባላል፤ «ነው፣ ናት» የምንለው አይደለም። የመጣውም በችግር ነው፦ የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ 32 ቢት ስለሆነ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለሁሉም መሣሪያ አይዳረስም።

አሁን 8.8.8.8ን (የጉግል ዲኤንኤስ ሰርቨር ነው) ፒንግ አድርግ። ቀጥሎ የአንድ ድረ ገጽ ስም ፒንግ አድርግ። ከዚያ እዚያው ፒንግ ያደረግህበት የትእዛዝ መስኮት ላይ አይፒኮንፊግ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ኦል (ipconfig /all) ብለህ የሚወጣውን እዚህ ጻፍልን።

ቢት ቆጣሪ፦
ትንሽ እርማት። ውጭ የሚታየው ቁጥር ሁሌ የራውተሩ አይደለም። የኢንተርኔት አቅራቢው ራሱ ናት ከሠራ ራውተሩ በ100.64 የሚጀምር አድራሻ ሊያገኝ ይችላል፤ የውጩን ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራለህ ማለት ነው።

ኬብል ጎታች፦
ልክ ነህ። ልጁን ግን አታስደንግጠው።

ጀማሪው፦
8.8.8.8 በ40 ሚሊሰከንድ መለሰ። ስሙን ግን «ማግኘት አልቻልኩም» አለ። የወጣው ይሄ ነው፦ አይፒ 192.168.1.7፣ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 192.168.1.1፣ ዲኤችሲፒ በርቷል፣ ዲኤንኤስ 192.168.0.1።

ኬብል ጎታች፦
ያዝኳት! የመጨረሻዋን ቁጥር ከጌትዌይህ (ወደ ውጭ ከሚያወጣህ ከራውተርህ አድራሻ) ጋር አስተያያት። ማስኩ 255.255.255.0 ነው ማለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሰፈርህን ይናገራሉ፣ አራተኛው ቤቱን። ያንተ ሰፈር 192.168.1 ነው። ዲኤንኤስህ 192.168.0 ላይ ነው፤ ሌላ ሰፈር። ላፕቶፕህ ጥያቄውን ለጌትዌዩ ይሰጣል፣ ጌትዌዩም እንዲህ ያለ ቤት አያውቅም፣ ጥያቄው እዚያው ይቀራል።

ራውተር ቀይረሃል አይደል? ይሄ የድሮው ቁጥር ነው፤ የሆነ ሰው በእጁ ጽፎታል። ዲኤችሲፒ ማለት ራውተሩ ቁጥሮችን በራሱ የሚሰጥበት ዘዴ ነው፤ አይፒውን፣ ማስኩን፣ ጌትዌዩን ያድላል። በእጅ የተጻፈ ዲኤንኤስን ግን አይነካም። ስልክህ ሁሉንም ከአዲሱ ራውተር ስለተቀበለ ነው ደህና የሆነው።

አትፈር። እኔ አንዴ ለዲኤንኤስ 1.1.1.1 ልጽፍ 1.1.1.11 ጽፌ ከሰዓቱን ሙሉ ኬብል ስቀያይር ውያለሁ።

ጀማሪው፦
ጋሼ፣ ራውተሩን የቀየርኩት ትናንት ነው! ዲኤንኤሱንም አምና የጻፍኩት እኔው ራሴ፣ አንድ ቪዲዮ «ፍጥነት ይጨምራል» ብሎኝ። አውቶማቲክ ላይ መለስኩት፣ ሁሉም ተከፈተ። ግን የ127.0.0.1ን ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

ኬብል ጎታች፦
ልተውልህ ብዬ ነበር። እሱ የላፕቶፑ የራሱ አድራሻ ነው። ዋይፋዩን አጥፋና ሞክረው፣ ያው ይመልስልሃል። ሌሊቱን ላፕቶፕህን «አለህ?» ስትለው «አለሁ» ሲልህ ነው ያደራችሁት።