አስቸኳይ፦ ድልድዮቹ በሙሉ ቻይና ላይ ወጡብኝ፣ ነገ ጠዋት ዲሞ አለኝ

ድልድይ ፈላጊ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ያልተኛ ሰው ካለ በናታችሁ ይድረስልኝ። አሜሪካ ምሥራቅ በኩል ያለ አንድ ስቴት ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮንትራት ላይ ነኝ፣ የድልድይ ኢንስፔክሽን ዳታውን ከድሮው ሜይንፍሬም (የመሥሪያ ቤቱ ትልቅ የድሮ ኮምፒውተር) ወደ አዲሱ ሲስተም እያዛወርን ነው። ዛሬ ማታ የመጨረሻውን ፋይል ሎድ አርጌ ካርታውን ስከፍተው ድልድዮቹ ቻይና ላይ ቁጭ ብለዋል። እየቀለድኩ አይደለም፣ ሺንጂያንግ፣ በረሃው ጫፍ ላይ። ጥቂት መቶ የሚሆኑት ደግሞ ካስፒያን ባሕር ውስጥ ገብተዋል፣ አንዳንዱ ቱርክ ነው። ስክሪፕቱን ሦስቴ ደግሜ አሂጄዋለሁ ያው ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት (በነሱ 9) ለአለቆቹ ማሳየት አለብኝ። ካርታው ይሆን እንዴ የተበላሸው? ካርታውን ልቀይረው?

ሾላ ገበያ፦
ቻይና አገራችን ላይ ስትሠራ ስትሠራ ከርማ አሁን ደግሞ የሰው ድልድይ መሰብሰብ ጀመረች በለኛ 😂😂

ሲያትል ዝናብ፦
ሎንጊቲዩዱ (የምሥራቅ ምዕራቡ ቁጥር) ላይ ማይነስ የለህም። አሜሪካ ምዕራብ ነው። ማይነስ አርግበትና ተኛ።

የቦሌው ኮቦል፦
ይቅርታ አርግልኝ ወንድሜ ግን ጥያቄህ ራሱ ከሥሩ ልክ አይደለም። ያ ሜይንፍሬም ስንት ዓመት ሠራ? 30? 40? አንድ ቀን ድልድይ ቻይና ልኮ ያውቃል? አይልክም። እናንተ ናችሁ ዘመናዊ እናርገው ብላችሁ የምትነካኩት። በ2020 ኤፕሪል ላይ የኒው ጀርሲው ገዢ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ኮቦል (የድሮው የፕሮግራም ቋንቋ) የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ፈልጉልኝ ያለውን ረሳችሁት? የሥራ አጥ ክፍያው ሲስተም ጭንቅ ላይ ሆኖ። ያኔ ሁሉም ሽማግሌዎቹን ሲፈልግ ነበር። አሮጌ ማለት የተበላሸ ማለት አይደለም፣ ይሄን እስክትረዱት ድረስ ገና ብዙ ድልድይ ትልካላችሁ።

ድልድይ ፈላጊ፦
@የቦሌው ኮቦል ጋሼ እኔ ኮንትራት ነኝ፣ ይዛወር አይዛወር ብሎ የጠየቀኝ የለም 😭 @ሲያትል ዝናብ ሞከርኩት፣ ቻይና የነበሩት መጥተዋል ተመስገን! ግን ካስፒያን የነበሩት አሁን አትላንቲክ መሀል ናቸው። የመጡትም ቢሆን ቦታቸው ላይ አልተቀመጡም፣ ወንዝ ላይ መሆን ያለበት ሰፈር ውስጥ ገብቷል።

ካሳንቺስ የናፈቀው፦
ማይነስ አርግበት ሎንጊቲዩዱ ላይ

ሾላ ገበያ፦
@ካሳንቺስ የናፈቀው ወንድም ባቡሩ ሄዷል

ጋሽ ሲቪል፦
ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ፣ ኮምፒውተሩን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ግን ይሄ ዳታ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ባትነኩት ደስ ይለኛል። በ1967 ዲሴምበር 15 ኦሃዮ ወንዝ ላይ ሲልቨር ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት መኪናዎቹን እንደያዘ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ 46 ሰው ሞተ። ምክንያቱ ድልድዩን አንጠልጥሎ ከያዙት ብረቶች አንዱ ላይ የነበረች ቅንጣት ስንጥቅ። ከዚያ በፊት አገሪቱ ውስጥ ስንት ድልድይ እንዳለ እንኳ በአንድ መዝገብ አልተያዘም ነበር። እናንተ ዛሬ ፋይል የምትሉት መዝገብ ከዚያ ሐዘን በኋላ የመጣ ነው። ከ20 ጫማ የሚረዝም፣ ማለትም ወደ 6 ሜትር፣ የሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ድልድይ ሁሉ ይመዘገባል፣ በመደበኛው በየ24 ወሩ ሰው ሄዶ ያየዋል፣ ወለሉን፣ የላይኛውን አካል፣ የታችኛውን አካል ለየብቻ ከ0 እስከ 9 ማርክ ይሰጠዋል። 4 ከሆነ ደካማ ነው። በ2007 ሚኒያፖሊስ ላይ የወደቀው የአይ 35 ደብሊው አውራ ጎዳና ድልድይ የላይኛው አካሉ 4 ነበር፣ 13 ሰው ነው የሞተበት። እንግዲህ አንተ ድልድዩን ከቦታው ስታነሳው ያ 4 የማን እንደሆነ ይጠፋል ማለት ነው።

ሾላ ገበያ፦
ጋሼ ልጁ ነገ ጠዋት ዲሞ አለበት እኮ

ጋሽ ሲቪል፦
ለዚህ ነው የነገርኩት።

የሚኒሶታው፦
ጋሽ ሲቪል ሲያነሱት ትዝ ብሎኝ ነው፣ ያን ቀን ታክሲ ላይ ነበርኩ፣ ከ20 ደቂቃ በፊት ተሻግሬው ነበር። እስካሁን ድልድይ ላይ ትራፊክ ሲይዘኝ መስኮት እከፍታለሁ። ይቅርታ ከርዕሱ ወጣሁ።

እትዬ ዳታቤዝ፦
ድልድይ ፈላጊ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋይሉ በኤክሴል አልፏል ወይ? እውነቱን ተናገር።

ድልድይ ፈላጊ፦
አዎ፣ ከዲስትሪክቶቹ የመጡት በኤክሴል ናቸው፣ ሌላው በቀጥታ ከሜይንፍሬሙ ነው። ምን ችግር አለው?

እትዬ ዳታቤዝ፦
በለው። እንግዲህ ስማኝ፣ ችግርህ አንድ አይደለም ሦስት ነው፣ ስለተደራረቡ ነው ግራ ያጋባህ።

በድሮው የ1995 የኮድ መመሪያ ላቲቲዩድ (የሰሜን ደቡቡ ቁጥር) አይተም 16 ነው፣ 8 አሃዝ፤ ሎንጊቲዩድ አይተም 17 ነው፣ 9 አሃዝ። ዴሲማል (በነጥብ የሚጻፍ አንድ ቁጥር) አይደለም፣ ዲግሪ ደቂቃ ሰከንድ ተጣብቆ የተጻፈ ነው፣ ነጥብም የለውም። ለምሳሌ 077023012 ብሎ ካየህ 77 ዲግሪ፣ 02 ደቂቃ፣ 30.12 ሰከንድ ነው። ነጥቡ በሐሳብ ነው ያለው፣ ኮቦል የሚያውቅ ይነግርሃል፣ ዳታ በተበሳ ካርድ በሚገባበት ዘመን የነበሩ ሰዎች ነጥብ ቦታ ይበላል ብለው ያወጡት ነገር ነው። ማይነስም የለም፣ አሜሪካ ምዕራብ መሆኑን ማን ያጣዋል ተብሎ። ቻይና የወሰደህ ይሄ ነው፣ 38 ሰሜን ላይ ሆነህ 77ን ምሥራቅ ስታረገው ታክላማካን በረሃ ጫፍ ያርካንድ አካባቢ ነህ።

ሁለተኛው ኤክሴል። ኤክሴል ያቺን የፊት ዜሮ አይቶ ቁጥር ነው ብሎ በላት። 077023012 የነበረው 77023012 ሆነ፣ 8 አሃዝ። ያንተ ስክሪፕት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ዲግሪ ብሎ ይቆርጣል፣ ስለዚህ 770 ዲግሪ። ምድር ላይ 770 ዲግሪ የለም፣ ካርታው ሁለቴ ዙሮ 50 ላይ ያስቀምጥልሃል፣ እሱ ነው ካስፒያን። ማይነስ ስታረገው ደግሞ አትላንቲክ። ሄደህ እየው፣ ባሕር ውስጥ ያሉት በሙሉ በኤክሴል የመጡት ናቸው።

ሦስተኛውን ስክሪፕትህን ሳላይ ልናገር አልፈልግም። ማይነሱን የት ነው ያስገባኸው? ያቺን መስመር ብቻ ለጥፍ።

ጥንቃቄ ይበልጣል፦
አረ ምንም ነገር እንዳትለጥፍ! የመንግሥት ዳታ ነው፣ የድልድይ ቦታ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው፣ ክሊራንስህን (የደኅንነት ፈቃድህን) ታጣለህ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ዓይነት ነገር እዚህ ይጠይቃል።

እትዬ ዳታቤዝ፦
የድልድይ መዝገቡን ፌዴራሉ ራሱ ለሕዝብ ክፍት አርጎ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከነቦታው ማንም ያወርደዋል። ግን ልክ ነህ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስክሪን እና ፓስወርድ ያለበት ነገር አይለጠፍ። እኔ የጠየቅኩት አንድ መስመር ሒሳብ ነው።

ድልድይ ፈላጊ፦
እሺ በአማርኛ ልጻፈው፦ ሎንጊቲዩድ እኩል ይሆናል ማይነስ ዲግሪ፣ ሲደመር ደቂቃ ሲካፈል ለ60፣ ሲደመር ሰከንድ ሲካፈል ለ3600።

እትዬ ዳታቤዝ፦
አገኘሁት 😄 ማይነሱን ዲግሪው ላይ ብቻ አርገኸው ደቂቃውን ወደ ኋላ እየደመርክ ነው። ያው ምሳሌ፦ 77 ዲግሪ ከ02 ደቂቃ ከ30.12 ሰከንድ 77.0417 ነው፣ ስለዚህ -77.0417 መሆን አለበት። አንተ ግን -77 ላይ 0.0417 ደምረህ -76.9583 አገኘህ። በዚህ ላቲቲዩድ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ገፋኸው፣ ወንዙን ትቶ ሰፈር የገባው ለዚህ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሁሉም እኩል አይገፋም፣ ደቂቃው 59 የሆነው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ደቂቃው 00 የሆነው ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፣ እና አንድ ሁለቱን ብቻ አይተህ ልክ ነው ብለህ ልትተኛ ትችላለህ። መጀመሪያ ሁሉንም ደምር፣ መጨረሻ ላይ በማይነስ 1 አባዛ።

ሲያትል ዝናብ፦
እኔ እኮ ማይነስ አርግበት ብያለሁ

እትዬ ዳታቤዝ፦
ብለሃል ወንድሜ፣ የት እንደሚያረገው አልነገርከውም እንጂ።

ሾላ ገበያ፦
😂😂😂

አቡጊዳ 404፦
ዜሮውን ለመመለስ ኤክሴሉን እንደገና አትክፈተው፣ ከፍተህ ሴቭ ባረግከው ቁጥር ሌላ ነገር ይበላብሃል። ፓይተን ከሆነ ስታነብ ኮለሞቹን በሙሉ እንደ ጽሑፍ አንብብ፣ ከዚያ ሎንጊቲዩዱን እስከ 9 ድረስ በዜሮ ሙላ፣ ላቲቲዩዱን እስከ 8። አንድ ሌላ ነገር፣ የድልድዩ መለያ ቁጥርም እዚያው መዝገብ ላይ 15 ቦታ ያለው ነው፣ ብዙ ጊዜ ፊቱ በዜሮ የተሞላ። የሎንጊቲዩዱ ዜሮ ከወደቀ የሱም ወድቋል፣ ካርታው ላይ ልክ ይመጣና ስትጫነው የኢንስፔክሽን ሪፖርቱ ባዶ ይሆንብሃል፣ አለቆቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚጫኑት እሱን ነው። ከልምድ ነው የምነግርህ፣ እኔ ባዶ ሪፖርት ፊት ለፊታቸው ከፍቼ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ ላቤ እስከ ካልሲዬ ነው የወረደው።

የቦሌው ኮቦል፦
አያችሁ? ሜይንፍሬሙ ላይ ዳታው ልክ ነው። ዜሮውም አለ፣ አሃዙም ሙሉ ነው። የተበላሸው ዘመናዊው ኤክሴል ጋ ሲደርስ ነው። እኔ ሌላ ነገር አላልኩም።

አቡጊዳ 404፦
ጋሼ ዳታው ልክ መሆኑን ማንም አልካደም፣ ግን የሚያነበው ሰው ጡረታ ወጣ። ፌዴራሉም በ2022 አዲስ መመሪያ አውጥቷል፣ ቦታው በዴሲማል ዲግሪ ከነማይነሱ ነው የሚጠየቀው። እና አለመዛወር የሚባል ምርጫ የለም። ማርች 15 ሲደርስ ሁሉም ስቴት ፋይሉን ማስገባት አለበት።

የቦሌው ኮቦል፦
ጡረታ የወጣው ሰው ስልክ አለው። ደውሉለት። ማንም አይደውልም እኮ፣ ኬክ ቆርሰው ሸኝተውት በሳምንቱ ያ ኮድ ምንድነው ይባባላሉ።

ጋሽ ሲቪል፦
ይሄን እንኳ እውነቱን ነው።

ካሳንቺስ የናፈቀው፦
ድሮ አገር ቤት ቢሮ ስሠራ የሰው ስልክ ቁጥር በኤክሴል መዝግበን የ09 ዜሮዋ በሙሉ ጠፍታ ሁለት ቀን ስንጨምር ከረምን። ያኔ የሠራተኛው ጥፋት ነው ተብሎ ልጅቷ ደመወዝ ተቆርጦባታል፣ ኤክሴል መሆኑን ዛሬ እዚህ ሳነብ ገና አወቅኩ 🙁

ድልድይ ፈላጊ፦
እትዬ ዳታቤዝ እግዜር ይስጥልኝ፣ አቡጊዳም። ማይነሱን መጨረሻ ላይ አረግኩት፣ ወንዝ ላይ የነበረው ወንዙ ላይ ተቀመጠ 🙏🙏 ዜሮውን እየሞላሁ ነው፣ እየሮጠ ነው። አሁን የቀሩኝ 4 ድልድዮች ብቻ ናቸው፣ ጋና በታች ባሕር ውስጥ ናቸው። ኤክሴል ውስጥ አልነበሩም፣ ከሜይንፍሬሙ ነው የመጡት። ሰዓቱ ሌሊት 8 ተኩል ሆኗል።

እትዬ ዳታቤዝ፦
እነሱ ዜሮ ዜሮ ናቸው፣ ቦታቸው መጀመሪያውኑ አልተሞላም፣ ከምድር ወገብ እና ከግሪኒች መገናኛ ላይ ነው የሚወድቁት። በሒሳብ አታስተካክላቸውም። ገምተህ እንዳትሞላ በናትህ፣ ባዶ ተዋቸውና ለብቻ ሊስት አርጋቸው፣ ቦታቸውን የሚያውቀው ኢንስፔክተሩ ነው። ከመተኛትህ በፊት ደግሞ አንድ ቼክ አስገባ፦ ደቂቃው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሰከንዱም እንደዚያው፣ ከስቴቱ ድንበር ውጭ የወደቀ ሁሉ ለብቻ ይውጣ። የድንበር ወንዝ ላይ ያሉትን ግን ውጭ ናቸው ብለህ እንዳትጥላቸው፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለው ዊልሰን ድልድይን የመሰለው ሜሪላንድንም ቨርጂኒያንም ዲሲንም ይነካል።

ሾላ ገበያ፦
ጋና ላሉት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል?

ጥንቃቄ ይበልጣል፦
እኔ አሁንም እዚህ መጠየቁ ልክ አይመስለኝም።

ሲያትል ዝናብ፦
@ድልድይ ፈላጊ ዲሞው እንዴት ሆነ?

የሚኒሶታው፦
እኔም ልጠይቅ ነው የገባሁት፣ ሦስት ቀን ሆነው።

ሾላ ገበያ፦
ልጁ ራሱ ያርካንድ ሄዶ ይሆናል

አዲስ ገቢ 2፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ርዕሱን ሙሉውን አላነበብኩትም፣ ያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሰው እየቀጠረ ነው? ኤክሴል በደንብ እችላለሁ።