የኮምፒውተር ክፍሉ የአማርኛ ድምጽ፦ የእርዳታ ጥያቄው ረቂቅ ዓርብ ይገባል

ጸሐፊ፦ ባለፈው ዙር የእርዳታው ገንዘብ እንዴት እንዳመለጠን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ዓላማው አንድ ነው። የዓይነ ስውራን ማኅበራችን ክፍል ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች አማርኛ በወጉ እንዲያነቡ ማስተካከልና ለአሰልጣኝ መክፈል። ሌላ ነገር አትጨምሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ መጀመሪያ ጆስ የሚለው መስመር፣ በክፍያ የሚገኘው ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነብ ፕሮግራም)፣ ይውጣ። ፈቃዱን የሚገዛልን የለም። እስካሁን በሙከራው ነው የምንሠራው፣ 40 ደቂቃ ሲሞላ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። ልጆቹ ጽሑፍ መሃል ላይ ድምጹ ይጠፋባቸዋል።

የቴክኒክ ልጅ፦ ስንት ጊዜ ልናገር? ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ነፃ ነው። ከ2006 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ የጀመሩትም ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። ብሩ ለማስተካከሉ ይዋል። አሁን ማሽኖቹ ላይ ያለው የዊንዶውስ የእንግሊዝኛ ድምጽ ነው፣ የኛ ፊደል ሲመጣ ዝም ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ደግሞ ፋይሉ ባዶ ይመስላቸዋል። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ ተጭኖ ኢስፒክ የሚባለውን የንባብ ድምጽ ፕሮግራም መምረጥ፣ ከዚያ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ብሎ ድምጹን አማርኛ ማድረግ ነው። ላፕቶፕ ላይ በኢንሰርት ፈንታ ካፕስ ሎክን ማድረግ ይቻላል። ለዎርድ የአማርኛ ፕሮፋይል (ለብቻው የተቀመጠ ቅንብር)፣ ለብራውዘር የእንግሊዝኛ ይከፈትላቸዋል፣ በራሱ ይቀያየራል።

የባሕር ዳሩ፦ ኢስፒክ ቆርቆሮ ሲፋቅ ነው የሚመስለው። ኤጅ ብራውዘር ላይ ያሉት መቅደስና አምሃ የሚባሉት ድምጾች ሰው ይመስላሉ፣ እነሱን ለምን አንጠቀምም?

የቴክኒክ ልጅ፦ ኢንተርኔት ካለ ገጽ ያነቡልሃል። ሜኑ ስትከፍት፣ ፎልደር ስትፈልግ፣ ፊደል ስትመታ የሚከተልህ ግን ስክሪን ሪደሩ ነው። ኤንቪዲኤ ዝርዝር ውስጥ እነሱ የሉም። ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ክፍሉ ይዘጋ? ኢስፒክ ለጆሮ ባያምርም ፈጣን ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም አይንተባተብም።

መምህርት፦ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። አራት ነጥብ በድምጽ ይነበብ። ተማሪዎቼ ነጥብ ሳያደርጉ ገጽ ይሞላሉ፣ ሰምተውት ስለማያውቁ ነው። የምልክት ንባቡ ከመጀመሪያው «ሁሉም» ላይ ይደረግ።

ከዲሲ፦ በፍጹም። አንድ ልብ ወለድ ሙሉ «ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ» እየተባለ ሊነበብ ነው? እኔ በዚያ ዓይነት አንድ ገጽ አልጨርስም። ገንዘብ የምልከው ለዚህ አይደለም።

መምህርት፦ ገንዘብ የላከ ሰዋስው ይወስናል ማለት ነው?

የቴክኒክ ልጅ፦ ኢንሰርትና ፒ ነው! አንዴ ሲጫኑት ይጨምራል፣ እየዞረ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ሰው እንደ ፍላጎቱ። ረቂቅ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ጋሼ፦ ልጆች፣ እኛ በብሬል ስንማር ነጥቡን በጣታችን ነበር የምናውቀው። መምህርቷ ልክ ናት። ማኅበሩ አቋም ሊኖረው ይገባል።

የባሕር ዳሩ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ግማሹ ሰው እኮ አራት ነጥብ የሚጽፈው ኮለን ሁለቴ እየመታ ነው። ስክሪን ሪደሩ ያንን በነጥብነት አያውቀውም፣ ንባቡ ከፍ ሲል «ኮለን» ይላል። መጀመሪያ የሚጽፉልን ሰዎች ይማሩ።

ከዲሲ፦ አያችሁ? «ሁሉም» ላይ ከተደረገ ቀኑን ሙሉ ኮለን ስንሰማ ልንውል ነው።

መምህርት፦ የዘንድሮ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነጥብ አጥተው ማርክ የተቀነሰባቸው ልጆች አሉኝ። እርስዎ ዲሲ ሆነው አይታይዎትም።

ከዲሲ፦ አይታይዎትም? እዚህ ማን ይታየዋል?

ጸሐፊ፦ እባካችሁ። ሐሙስ ገባ። ስለ ማጥበቅና ማላላቱ ምን ወሰንን?

የቴክኒክ ልጅ፦ ዋናው ጉዳይ እሱ ነበር። «አለ» የሚለው ተናገረም ነው፣ ኖረም ነው። «ይመታል» መቺውም ተመቺውም ነው። ፊደሉ አይነግረውም፣ ስለዚህ ኢስፒክ አንዱን ይዞ ይሄዳል። የኤንቪዲኤ የቃላት አነባበብ መዝገብ ውስጥ ብናስተካክለው ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚቀይረው። የሚጠብቀውን ስታስተካክል የሚላላው ይበላሻል። ቢያንስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆኑትን፣ የሰውና የቦታ ስሞችን፣ ሰብስቦ ማስገባት የሚችል ሰው ይፈለጋል። የሚከፈለውም ለዚህ ነው። እኔ ልጀምረው እችላለሁ።

ጋሼ፦ ጎሽ። ግን የአራት ነጥቡ ጉዳይ ሳይቋጭ አይለፍ።

የቴክኒክ ልጅ፦ በቃ፣ እናንተ ጨርሱት።

ገንዘብ ያዥ፦ ረቂቁን ልኬያለሁ። ማህተም አለው።

የባሕር ዳሩ፦ ስካን፣ ማለትም ፎቶ ነው የላክኸው። የኔ ማሽን «ብላንክ» ብሎ አለፈው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይቅርታ፣ በዎርድ ልኬያለሁ።

መምህርት፦ በድሮው ፎንት ነው የተጻፈው። ለዓይን አማርኛ ይሆናል፣ ለኛ የእንግሊዝኛ ፊደልና ስላሽ ነው የሚነበበው። የዓይነ ስውራን ማኅበር ረቂቅ ለዓይነ ስውር አይነበብም፣ ጉድ ነው።

ከዲሲ፦ መምህርት፣ በዚህስ ተስማምተናል። ከላይ የጻፍኩትን ይርሱልኝ።

መምህርት፦ ረስቼዋለሁ። ግን «ሁሉም» ላይ ነው።

ከዲሲ፦ ለተማሪ ብቻ ከሆነ እሺ። እንዲያውም ሁሉም በየራሱ ይስማ። የጆሮ ማዳመጫ እኔ አስገዛለሁ፣ የረጂው ድርጅትም ፎቶ ላይ የሚታይ ነገር ይወዳል።

ጸሐፊ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ማዳመጫውን አንደኛ መስመር ላይ አደርገዋለሁ። ቴክኒክ፣ የስሞቹን ዝርዝር ዛሬ ማታ ትልክልኛለህ?

ጸሐፊ፦ ቴክኒክ?

የባሕር ዳሩ፦ ስልኩ ዝግ ነው። ሌላ የሚያውቀው ሰው ካለ ይጻፍ፣ እኔ ፕሮፋይሉን መሥራት እችላለሁ መዝገቡን ግን አልሞክረውም።

ጋሼ፦ የነጭ በትር ቀን ጥቅምት 5 ነው። ማዳመጫው ያኔ ቢሰጥ ያምራል። ቲሸርትም ይታሰብ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ገብቷል። የመዝገቡን መስመር ለሚቀጥለው ዙር አውጥቼዋለሁ፣ አሰልጣኙን ግን ትቼዋለሁ፣ ማለቴ አለ፣ አላወጣሁትም። የምልክት ንባቡን የሚያጠና ኮሚቴም ተጨምሯል፣ ጋሼ ሰብሳቢ።

ከዲሲ፦ ኮሚቴው ውስጥ እኔም ልኑር።

ገንዘብ ያዥ፦ የቲሸርት መጠን ላኩ። ያልላከ ኤል ይመዘገብለታል።