ስቴላሪየም ጭኜ ስክሪኑ ጥቁር ሆነብኝ፤ ለነገ ጠዋት ያስፈልገኛል

መምህር ዘሐይቅ
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሳይንስ ክበባችን ይሰበሰባል፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ በኮምፒውተር ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ። ያኔ ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነበርና አብረን አላየነውም። ስቴላሪየም የሚባለውን፣ ሰማይን በኮምፒውተር የሚያሳይ ፕሮግራም ከደሴ በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩት፤ መጫኑንስ ያለ ችግር ተጫነ። ስከፍተው ግን አርማው ብቅ ይልና መስኮቱ ይጠቁራል፣ የሆነ መልእክት ይመጣል፣ እሺ ስለው ይዘጋል። ሞኒተሩ የተበላሸ መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ከተጫነ ወዲህ ጽሑፉ ሁሉ ገዝፎና ወደ ጎን ተለጥጦ ነው የሚታየው። ሌላ ሞኒተር ልዋስ?

የጦሳ ልጅ
ደሴ ዛሬ ጭጋግ ነው መምህር። ሰማዩ ከዚህ ሄዶ ይሆናል የጠቆረብዎት።

ቦርከና
ፎርማት ያስደርጉት።

ጥገና ኮምቦልቻ
መልእክቱ ምን ይላል? ዊንዶውሱስ ስንት ቁጥር ነው?

መምህር ዘሐይቅ
ሙሉውን አልጻፍኩትም፤ «ኦፕን ጂኤል» የሚል አለበት። ዊንዶውስ 7 ነው። ኮምፒውተሩ በእርዳታ የመጣ፣ የቆየ ዴስክቶፕ ነው።

ግርዶሽ ወዳዱ
በመጀመሪያ ስለ ግርዶሹ ጥቂት ልበል። ጨረቃ ከምድር ያላት ርቀት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከ356,000 እስከ 406,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል። ራቅ ባለችበት ጊዜ ፀሐይ ፊት ብትገባ መጠኗ አንሶ ስለሚታይ ሙሉ በሙሉ አትሸፍናትም፤ ዙሪያዋን የብርሃን ቀለበት ይተርፋል። የ2012ቱ ቀለበት በጣም ቀጭን ነበር። ስቴላሪየምን ደግሞ ፋብየን ሼሮ የተባለ ፈረንሳዊ በ2000 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የጀመረው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ገንዘብ የጠየቀዎት ካለ አይስጡ። ስለ ስክሪኑ የማውቀው ነገር የለም።

የጦሳ ልጅ
ተመስገን፣ መጨረሻዋ ላይ እውነቱን ተናገርክ።

እናት ዓለም
እኔ የምለው፣ ለግርዶሽ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? እኔ ላሊበላ ሆኜ በግርዶሽ መነጽር በዓይኔ ነው ያየሁት። ልጆቹን ውጭ አውጥቶ ካርቶን በስቶ የፀሐይን ምስል ማሳየት ይሻላል።

መምህር ዘሐይቅ
እህቴ፣ ያለፈውን ግርዶሽ በካርቶን እንዴት አድርጌ ላምጣው?

ጥገና ኮምቦልቻ
አብሽሩ መምህር፣ ሞኒተሩን አይንኩት። ነገሩን ራስዎ ተናግረውታል፤ «ተለጥጦ» ያሉት ነው ቁልፉ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የግራፊክሱን ድራይቨር፣ ማለትም ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ካላገኘ በራሱ ጊዜያዊ ድራይቨር ይሠራል። ያ ድራይቨር ጽሑፍና ሥዕል ያሳያል እንጂ ኦፕን ጂኤልን፣ ማለትም ፕሮግራሞች ካርዱን ሥዕል የሚያዝዙበትን ቋንቋ፣ የሚያውቀው እስከ ስሪት 1.1 ብቻ ነው። ስቴላሪየም ደግሞ ቢያንስ 2.1 ይፈልጋል። ለማረጋገጥ ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱና ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ይዘርጉት። «ስታንዳርድ ቪጂኤ» የሚል ካገኙ ድራይቨሩ የለም ማለት ነው።

ለዛሬ ማታ፦ ስታርት ሜኑ ውስጥ የስቴላሪየምን ማኅደር ይክፈቱ። አንድ ስም ብቻ አይደለም ያለው። ከስሞቹ አንዱ በቅንፍ ውስጥ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤ የሚሉ ፊደላት አሉት፤ ሜሳ ነው። እሱን ይጫኑ። ሥዕሉን በግራፊክስ ካርዱ ፋንታ ዋናው ፕሮሰሰር ይሠራዋል። እንደ ጋሪ ይንቀራፈፋል፤ ግን ይደርሳል።

ዘላቂው መፍትሔ ድራይቨሩ ነው። በሳጥኑ ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይዘው ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። የተለጠጠው ጽሑፍም ያኔ ይስተካከላል።

ቦርከና
ፎርማት ያስደርጉት አልኩ እኮ።

ጥገና ኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ ፎርማት ተደርጎ አይደል እንዲህ የሆነው!

አባ መላ
ጥገና ቤቱ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ሐይቅ ያለውን ሞኒተር ነጻ አወጣው። የእኔ ስክሪን ባለፈው ሲጠቁር ገመዱ ነበር፤ ነቅዬ ስሰካው ዳነ። ገመዱን ይዩት።

ጥገና ኮምቦልቻ
ገመድ ስለ ኦፕን ጂኤል መልእክት አይጽፍም፣ አባ መላ።

መምህር ዘሐይቅ
ተከፈተ! ሜሳ የሚለው ነው። ስንጫነው ደቂቃ ያህል ዝም አለ፤ ልዘጋው ስል ሣርና ዛፍ ያለበት ሜዳ፣ በላዩም ሰማይ መጣ። አላህ ይስጣችሁ። አሁን ግን ሌላ ጣጣ፤ 2012 ብዬ፣ ወር 6፣ ቀን 14 አስገባሁ፤ ፀሐይዋ ሙሉ ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ባየው ማንም አልነካት።

ግርዶሽ ወዳዱ
መምህር፣ ፕሮግራሙ ዘመን የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው! ኤፍ 5ን ተጭነው 2020፣ ወር 6፣ ቀን 21 ያስገቡ። ሰዓቱም የእኛ አይደለም፤ ከጠዋቱ 12፡30 ለማለት 6፡30 ይጻፉ። ቦታውን በኤፍ 6 ላሊበላ ያድርጉት፤ ካልነገሩት ፓሪስ ላይ ሊያቆምዎት ይችላል፣ እዚያ ደግሞ ያን ቀን ግርዶሽ አልነበረም። ከዚያ ፀሐይዋን መርጠው ያቅርቧትና ኤልን ደጋግመው ይጫኑ፤ ጊዜው ይፈጥናል። ኬን ሲጫኑ ወደ መደበኛው ይመለሳል። በሜሳ ስለሆነ ብዙ አያፍጥኑት፣ ቀለበቷ ሳትታይ ታልፋለች።

የጦሳ ልጅ
ለካ ይህም ሰው ይጠቅማል።

የጦሳ ልጅ
መምህር፣ ሦስት ቀን ሆነ እኮ። ልጆቹ አዩት?

ዘሀራ ከወልድያ
ይቅርታ፣ ጥያቄው የሌላ ሰው ነው፤ የእኔም ኮምፒውተር ጽሑፉ እንደ መምህሩ ተለጥጧል። ስቴላሪየም ግን የለኝም። ምን ላድርግ?

ቦርከና
ፎርማት አስደርጊው።